የእትዬ ሶስና ያልተሸፈኑ መጻሕፍት

ወይዘሮ ሶስና አርፈዋል። በዚህ ሰሞን ቻምብሊ ከተማ ባለው ቤታቸው ሳሉ ልባቸው ቀጥ አለ። መርዶውን ስትነግሩኝ አንዳንዶቻችሁ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «የመጻሕፍቱ ነገር ግን ባይነሳ» አላችሁኝ። አዝናለሁ፤ እኔ የማነሳው እሱን ነው።

ሥራቸውን በሩቁ ለሰማችሁ ልንገራችሁ። እትዬ ሶስና በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ሳሎናቸውን ለወላጆች ይከፍታሉ። የሚመጡት «ትራንስጀንደር ነኝ» የሚለውን ቃል ከልጃቸው አፍ ሰምተው ግራ የገባቸው እናትና አባቶች ናቸው። እንግሊዝኛው ለከበደው ሰው መነጽራቸውን አድርገው፣ ገጹን እያዩ፣ በአማርኛ ያነቡለታል።

መጽሐፍ ሲመርጡ ግን አይጣል ነበር። ወላጅን የሚሰድብ ይመለሳል። በሐኪም ቃላት የታጨቀም ይመለሳል። «ልጅህ ከኋላህ ቆሞ አብሮህ ቢያነበው ይጎዳል? ከጎዳው ቤቴ አይገባም» ይሉ ነበር።

እኛ ከምንኖርበት ከማሪዬታ ወደ እርሳቸው የሄድነው ልጃችን ሊዲያ ከቤት ልትወጣ ሻንጣዋን ማዘጋጀት በጀመረች ጊዜ ነው። ወንድ ልጅ ብለን ነበር ያሳደግናት። ሊዲያ የሚለውን ስም ራሷ ስትመርጥ፣ ባለቤቴ ዳንኤል «በዚህ ስም እኔ ቤት መኖር የለም» ብሏት ነበር። እትዬ ሶስና አንድ አባት ስለ ልጁ የጻፈውን ቀጭን መጽሐፍ ሰጡት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳንኤል መጽሐፉን በቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ሸፍኖ ይዞት መጣ፤ ድሮ የትምህርት ቤት መጽሐፋችንን እንደምንሸፍነው ጠርዙን አሳምሮ አጥፎታል።

«እንዳይቆሽሽ ነው?» አሉት።

«ሥራ ቦታ ሰው እንዳያየው ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ልጅህንስ በምን ልትሸፍናት ነው?»

ዳንኤል ወረቀቱን በገዛ እጁ ገፈፈው። ቤት እንደገባን የሊዲያን በር አንኳኩቶ በመረጠችው ስም ጠራት፤ እሷም ሻንጣዋን ፈታች። ሁሉ ነገር ገብቶት አይደለም፤ ዛሬም ያልገባው አለ።

ለቅሶ ለመድረስ ስንሄድ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ጠበቀን። የወንድማቸው ልጅ «ሼልፉን ክሊር አደረግነው፤ አባ ይመጣሉ፣ ሰው ይመጣል፣ ዩ ኖው» አለችኝ። መጻሕፍቱ በካርቶን ሆነው ቁም ሳጥን ውስጥ ተከተዋል። ደሜ ፈላ። አፌን ሳልከፍት ግን ዳንኤል ካርቶኑን ተሸክሞ ሳሎን ገባ።

«እኔ ለልጄ አባት የሆንኩት እዚህ ሶፋ ላይ ነው፤ እነዚህ አይደበቁም» አለ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ።

ሊዲያ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከአባቷ ጎን ቆመችና መጻሕፍቱን እየተቀበለች ደረደረቻቸው። አባም መጡ፣ ጸሎታቸውን አደረሱ፣ ጣራውም አልተደረመሰም። ቅር ያለው ካለ ቅር ይበለው። ልጁን ከቤት ያባረረ ሰው በየድግሱ ከፊት እየተቀመጠ፣ ልጆች ከቤታቸው እንዳይባረሩ ያደረጉ ሴት ሥራ ቁም ሳጥን ውስጥ አይገባም!

እትዬ ሶስና፣ ከእንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት የሚከፈተው የእኛ ሳሎን ነው። እንግሊዝኛው ለከበደው ሊዲያ ታነብለታለች፤ ዳንኤልም በሩን ይከፍታል። እርስዎ በሰላም ይረፉ። መጻሕፍትዎንም ሆነ ልጃችንን አንሸፍንም።