ጭን የሚነካው ጎን

ቅዳሜ ቅዳሜ ቢከን ሂል በሚባለው ሰፈር ባለ አዳራሽ አንድ ፊሊፒናዊ አዛውንት ይቀመጣሉ። ሰው የአያቱን ጎራዴ ያመጣላቸዋል፤ እሳቸው ከየትኛው ደሴት እንደመጣ ይነግሩታል። የራሳቸውን ደሴት ግን ለማንም ተናግረው አያውቁም። የሹራባቸው ክርን ከጠረጴዛው ጋር ሲተሻሽ አልቋል፤ ዓይናቸው እንቅልፍ ጠግቦ የሚያውቅ አይመስልም።

የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ሰምሃል በሩን ሎክ ለማድረግ ስትጠብቃቸው ሐሜታቸውን ለምዳለች። የሚያሙት ሰገባ ነው። «ቅርጻ ቅርጹ አገሩን ይናገራል፤ ጭን የሚነካው ጎን ደግሞ የባለቤቱን ጉድ» ይላሉ። የታጠቁት ሰገባ በዚያ በኩል ይፋቃል።

ዛሬ አንዲት ሴት ጎራዴ በፎጣ ጠቅልላ መጣች። «አያቴ ታጥቆ ተዋግቶበታል ይል ነበር አባቴ። ነገ አባቴን ስንቀብረው ሣጥኑ ላይ ላኖርለት ነው። የጎራዴው አገር የት ነው?»

አዛውንቱ ሰገባውን ገለበጡት። ጭን የሚነካው ጎን አንድ ጭረት እንኳ የለበትም፤ ከሱቅ እንደወጣ ነው። ሰምሃል መጥረጊያዋን ተደግፋ ጉዱን ጠበቀች።

«ከፓናይ ደሴት ነው፣ ልጄ» አሉና በፎጣው መልሰው ጠቀለሉላት።

ሴትዮዋ እያለቀሰች አመስግና ስትወጣ ሰምሃልን አላስቻላትም። «አባባ፣ ማንም አልታጠቀውም እኮ!»

«እሷ የጠየቀችኝ አገሩን ነው» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እያሹ። «ሐሜቱን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ።»