መብራት ሲመጣ ራሱ የሚነሣው ሰርቨር

ከነገሌ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ስደት በጨለማ ነው የሚባለውን እርሱት! አይሱዙ ላይ፣ በፍየሎች መካከል፣ ሸራ ለብሼ። ሁለት ጣቶቼ ተሰብረዋል፣ ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ሾፌሩ ጃርሶ ኬላ ባለፍን ቁጥር ሸራውን ገለጥ አድርጎ «አካም፣ አለህ ወይ?» ይለኛል። አለሁ እላለሁ። በክብረ መንግሥት ዞረን፣ ቡሌ ሆራን አልፈን፣ ዱብሉቅ ላይ ውኃ አጠጣኝና ሞያሌ አደረሰኝ።

ምን አድርጌ ነው? እኔ እኮ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነኝ! የከተማውን ነዋሪ ስም፣ ብሔርና የቤት ቁጥር የሚይዘውን የጃቫ አፕሊኬሽን በመሥሪያ ቤታችን ሰርቨር ላይ የጫንኩት እኔ ነበርኩ። አገራችን መብራት እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ። ስለዚህ መብራት ሲመጣ ሰርቨሩ ያለ ሰው እጅ እንዲነሣ፣ አንድ ፎልደር ውስጥ ያገኘውንም አፕሊኬሽን ራሱ እንዲያስነሣ አድርጌ አዋቀርኩት። እንዴት እንደኮራሁበት!

ከተማችን ውስጥ የብሔር ግጭት በተነሣ በሦስተኛው ቀን ገጀራና ዱላ የያዙ ሰዎች ቢሮ ገቡ። መሪያቸው አብሮኝ የተማረ ነው።

«የነዚያን ሰዎች ቤት ዝርዝር አውጣ።»

«ሲስተሙ አይሠራም።»

ጩኸታቸውን ስሰማ አፕሊኬሽኑን አቁሜው ነበር።

«አስነሣው!»

«አይነሣም።»

በዱላ ጆሮዬን አለኝ። እጄን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጣቶቼን በገጀራ ጀርባ ቀጠቀጧቸው። ደሜ ኪቦርዱ ላይ ወረደ። አለቀስኩ፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ ግን አላስነሣሁትም። ጎረቤታችን ጋሽ ነስሩ፣ ባለሱቁ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። አባቴ ሲሞት ድንኳኑን የተከሉልን እሳቸው ናቸው።

በዚህ መሐል መብራት ጠፋ። ተመስገን አልኩ። ጥቂት ቆይቶ መጣ። ሰርቨሩም ተነሣ፣ አፕሊኬሽኑም አብሮ ተነሣ። አቁሜው ነበር እንጂ ፋይሉን ከፎልደሩ አላወጣሁትም! እኔ ደደብ! እኔ ከንቱ! አብሮኝ የተማረው ሰውዬ እየሳቀ ዝርዝሩን ፕሪንት አደረገው፤ «ለዋሸኸን እንመለስልሃለን» ብሎኝም ወጣ። ጋሽ ነስሩን በዚያው ቀን ሱቃቸው ደጃፍ ላይ በገጀራ ገደሏቸው፣ ሱቁንም አቃጠሉት።

አሁን ናይሮቢ፣ ኢስሊ ነው ያለሁት። ኡጋሊ ማለት ቅቤና በርበሬ የተረሳበት ገንፎ ነው። ሐምሌ ላይ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ የነገሌን ፀሐይ ያማረራችሁ እዚህ ኑና እዩ! አከራዬ መጀመሪያ ያየችው ጣቴን ነው።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ሥራ ላይ ነው።»

«የምን ሥራ?»

«ኮምፒውተር።»

«እናንተ አገር ኮምፒውተር ይደባደባል? ተደባዳቢ አላከራይም፤ ሁለት ዋስ አምጣ!»

የአውቶብስ ቲኬት የሚሸጥ ድርጅት ቀጠረኝ። ያው ጃቫ፣ ያው ሰርቨር ነው። ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት ፎልደሩን ሦስቴ እከፍታለሁ፤ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል።

ባለፈው እሑድ እናቴ ጋ ደወልኩ። «ቆይ፣ የምታናግርህ አለች» ብላ ስልኩን ለጋሽ ነስሩ ሚስት ለእትዬ ዘይነባ ሰጠቻት።

«ልጄ፣ ስማችንን አልሰጥም ብለህ ተደበደብክ አሉኝ። ለልጆቼ ሁሌ ስላንተ ነው የማወራላቸው።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በል፣ አውቃለሁ። አንተንማ አላህ ይጠብቅህ። ቤታችንን ያሳያቸውን ግን አላህ ካገሩ አርቆ ያስቀረው!»

ሰርቨሩን ራሱ እንዲነሣ ያደረግኩት እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ።

«ትሰማኛለህ?» አለችኝ።

«አሜን፣ እትዬ» አልኳት።