በአንድ ስም የተጠራን

ጅቡቲ ከተማ፣ ሄሮን በሚባለው ሰፈር፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት ባለ አንድ የድሮ ቤት፣ አራት ዓመት ሙሉ በሌላ ሴት ስም ተጠርቻለሁ። እንደ ፈረንጆቹ ከ2005 ጀምሮ ነው። የገባሁ ዕለት ማዳም ስሜን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ሁለት ጊዜ ሞከረችውና አልያዝላት አለ። «የመጀመሪያዋ ሠራተኛዬ ስም ቀላል ነበር፤ ከእሷ በኋላ የመጡትንም በእሱ ነው የጠራኋቸው። ቤቱ ለምዶታል» አለችኝ። ቤቱ ለምዶታል! ግድግዳው የሚጠራኝ ይመስል። እኔ አራተኛዋ ነበርኩ። ሥራ ቸግሮኝ ስለነበር «እሺ ማዳም» አልኩ። ያቺን እሺ እስከ ዛሬ አልወዳትም። ስሙንም እዚህ አልጽፈውም፤ የሚበቃውን ያህል ተጠርቷል።

ባሏን «ሙሴ» ነው የምለው፣ በፈረንሳይኛ «አቶ» እንደማለት፤ የሊሴ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የሥነ ሕይወት አስተማሪ ነበር፤ ካልነኩት የማይናገር ሰው። የሥራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በመስታወት የተዘጋ የቢራቢሮ ሣጥን ሰቅሏል። አቧራውን የምወለውለው እኔ ነኝ፤ የጅቡቲ አቧራ ደግሞ ጠዋት ቢጠረግ ከሰዓት ተመልሶ ይመጣል። አንዷ ብጫ፣ አንዷ ጥቁርና ነጭ፣ አንዷ ብርቱካናማ ስለሆኑ የተለያየ ዘር ይመስሉኝ ነበር። አንድ ቀን ስወለውል ቆሞ አየኝና «ሁሉም አንድ ዘር ናቸው» አለኝ። ወንዱ የትም ቦታ አንድ መልክ ነው አለ፤ ሴቷ ግን በየአገሩ ወፍ የማይደፍራቸውን መራራ ቢራቢሮዎች መስላ ትወጣለች፣ እንዳትበላ። «ያንቺ አገር ላይ ግን» አለ መነጽሩን ገፋ አድርጎ፣ «አብዛኞቹ ሴቶች ሌላ መስለው አይሸሸጉም፤ የወንዱኑ፣ የዘራቸውን መልክ ይዘው ነው የሚበሩት።» ኮራሁ፤ ምን እደብቃለሁ። ከዚያ ዝቅ ብዬ ሳይ ከእያንዳንዷ ሥር ስሟ በትንሽ ወረቀት ተጽፏል። በመርፌ የተሰካች ቢራቢሮ ስም ባላት ቤት፣ እኔ የሰው ስም ተሸክሜ ጨርቅ ይዤ ቆሜያለሁ።

ዓርብ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ካርቲዬ ሁለት የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ ፎቅ ላይ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ እንዳለ ሰማሁና ልመዘገብ ሄድኩ። ከአሠሪሽ ደብዳቤ አምጪ አሉኝ። ማዳም ቅር አላላትም፤ እዚያው ቁጭ ብላ ጻፈችልኝ፣ በዚያው ስም። አየሁት። አፌን ብከፍት ሐሳቧን ትቀይራለች ብዬ ፈራሁና ዋጥኩት። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ አልክድም። ሁለት ዓመት ዓርብ ዓርብ በዚያ ስም «አቤት» አልኩ፣ በዚያ ስም ተፈተንኩ።

አስተማሪው ፈረንሳይ ተምሮ የተመለሰ ጅቡቲያዊ ወጣት ነበር። አንድ ዓርብ ሰሌዳው ላይ ክብ፣ አራት ማዕዘንና ሦስት ማዕዘን ሣለና ከላይ «ፖሊሞርፊዝም» ብሎ ጻፈ። አንድ ነገር ብዙ መልክ ሲይዝ ማለት ነው አለ። ለሁሉም አንድ ትዕዛዝ ትሰጣላችሁ፣ «ስፋትህን ንገረኝ» ብላችሁ፤ ክቡም አራት ማዕዘኑም በየራሱ ስሌት ይመልሳል። «ውበቱ ምን መሰላችሁ፣ ጠሪው ማን እንደሚመልስለት ማወቅ አያስፈልገውም።» ሳቅ አመለጠኝ። ምን አሳቀሽ ሲለኝ «እኔም እንዲህ ዓይነት ቤት ነው የምሠራው» አልኩት። አልገባውም። «መላሹ ዝም ካለስ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ፕሮግራሙ እዚያው ይቆማል» አለኝ። ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ከከተማው ዳር፣ ከባልባላ፣ ዋራበሌ ከሚባለው መንደር የሚመጣ አንድ ሶማሌ ተማሪ ነገሩን ወደ ተረት ወሰደው። በእነሱ ተረት ሰውነቱን በበትር አሽቶ ጅብ የሚሆን ሰው አለ። ክፍሉ ሳቀ። በእኛም አገር አለ አልኩ፤ የእኛው ግን ሁልጊዜ ቀጥቃጭ ነው። አባቴ ቀጥቃጭ መሆኑን አልነገርኳቸውም። ሲመሽ ጅብ ይሆናል እያሉ፣ ማረሻቸውን የሚያሠሩት ሰዎች ከእሱ ጋር ማዕድ አይቀርቡም ነበር። እኔ አባቴን ያየሁት በአንድ መልክ ብቻ ነው፤ ጥቀርሻ የለበሰ፣ የደከመው ሰው። ሲለወጥ ያየው ማንም የለም። ማዕድ ሊከለክሉት ፈልገው መልክ አወጡለት፣ ሌላ ምንም አይደለም። የዚያን ቀን ሰው ያወጣልኝን ነገር ለብሶ መዞር በቃኝ አልኩ፣ ለጊዜው በሆዴ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ወደብ አካባቢ ያለ አንድ ትራንዚት ቢሮ አማርኛም ፈረንሳይኛም የሚጽፍ፣ ኮምፒውተር የሚችል ሰው ይፈልግ ነበር። ፈተኑኝ፤ ወደዱኝ። የምስክር ወረቀቱን ከፓስፖርቴ ጋር ሲያስተያዩ ግን መለሱልኝ። «ይቺ ሌላ ሰው ናት። እስከ እሑድ በራስሽ ስም ካላመጣሽ ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን።» ወደ ማሠልጠኛው ሮጥኩ። የመዘገብንሽ በአሠሪሽ ደብዳቤ ነው፣ የምናርመውም እሷ ስታርም ነው አሉኝ።

ለማዳም ነገርኳት። ሥራ በማግኘቴ አልከፋትም፤ እንዲያውም ሐሙስ ዕለት በምትኬ አዲስ ልጅ አስመጣች። ከወሎ ተነሥታ ወደ የመን ልትሻገር መጥታ እዚሁ የቀረች ልጅ ናት። ምሳ ሳይደርስ ማዳም በዚያ ስም እየጠራቻት ነበር። ደብዳቤውን ግን አልጽፍም አለች። «ዋሽቼ ነበር ብዬ ልፈርም? አንቺ ብቻ ነሽ የምታስቸግሪው። የመጀመሪያዋ ዐሥር ዓመት ሠርታ አንድ ቀን አላጉረመረመችም።»

ዓርብ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ አምቡሊ ሄድኩ። የመጀመሪያዋ ሠራተኛ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ በጽዳት እንደሚሠሩ ማዳም ራሷ ነግራኛለች፤ በተጓዘች ቁጥር ታገኛቸዋለች። ጠና ያሉ፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ባልዲያቸው አጠገብ ቆሜ፣ «እትዬ፣ በእርስዎ ስም አራት ዓመት ኖርኩ። ስሙ የኔ ነው፣ የእሷ አይደለም ብለው ለማዳም አንድ ቃል ይንገሩልኝ» አልኳቸው።

ሳቁ። መወልወያውን ግድግዳ አስደግፈው ሳቁ። «የማን ስም? የኔ? እኔም ስገባ እዚያው ቤት ውስጥ ነው ያገኘሁት። ከኔ በፊት የነበረችው ሴት ስም ነው ተባልኩ። እሷንም አላየኋት፣ የእሷ ይሁን አይሁንም አላውቅም።» ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ዐሥር ዓመት። እናቴ ባወጣችልኝ ስም የሚጠራኝ ሰው ጠፍቶ፣ ባሕሩ ዳርቻ ወርጄ ራሴን የተጣራሁበት ቀን አለ።» አንጀቴን በሉት። ለራሴ ሥራ ብዬ ነበር የመጣሁት፤ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግን ሥራው ብቻ አልነበረም። «ነገ ፈረቃዬ ከሰዓት ነው» አሉኝ። «ጠዋት አብረን እንሄዳለን።»

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ሦስት ሆነን ቆምን፤ እትዬ፣ እኔ፣ መጥረጊያ የያዘችው አዲሷ ልጅ። ማዳም በረንዳው ላይ ብቅ አለችና በስሙ ተጣራች። የትኛችንን እንደሆነ እንጃ። ልጅቷ ልትሄድ ስትል እትዬ ክንዷን ያዝ አደረጓት። ማዳም ደግማ ጠራች። ጆሮ ዳባ ልበስ አልን። በሦስተኛው ድምፅዋ ቀጠነ፤ ሙሴም ከክፍሉ ወጥቶ ከኋላዋ ቆመ። «ምን ሆናችኋል? ታዲያ ምን ብዬ ልጥራችሁ?» አለች።

እትዬ አንድ እርምጃ ቀረቡ። ስማቸውን ከነአባታቸው ተናገሩና በፈረንሳይኛ «ዐሥር ዓመት ያበሰልኩልሽ እኔ ነኝ» አሏት። እኔም የራሴን አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ልጅቷም መጥረጊያዋን አስቀምጣ የራሷን አስከተለች። ማዳም ዞራ ባሏን አየችው። እሱ ገባና ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቶ በረንዳው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠላት።

ስሜን እንዴት እንደሚጻፍ ጠይቃኝ ደብዳቤውን ጻፈች። ፈርማ ስትዘረጋልኝ አልተቀበልኳትም። «አንብቢልኝ» አልኳት። ከላይ ጀምራ አነበበች፤ ስሜ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እንደገና አስነበብኳት።