ውሃ እምቢ ያለው ቃጫ

በ2015 ዓ.ም. ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። ጉኑኖ አጠገብ ነው የምኖረው። ዕድሜዬን ሙሉ ከእንሰት ቃጫ ገመድ ስገምድ ነው የኖርኩት። ፊደል የቆጠርኩት ትንሽ ነው፤ ቋጠሮ ግን ማንም አያስተምረኝም።

የቃጫ ጠላቱ ዝናብ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። ሶዶ ኬሚስትሪ የምታስተምረው ልጄ ይሄን ላስቀር ብላ ተነሳች።

«አባባ፣ ቃጫው ሴሉሎስ የሚሉት ነገር ነው። ውሃ የሚይዝበት እጅ አለው፣ ብዙ እጅ። እኛ እያንዳንዱን እጅ ከዘይት የሚሠራ አሲድ እናስይዘዋለን። እጁ ከተያዘ ውሃን በምን ይይዛል?»

«ቅባት ቀባሁት አትዪም?»

«ቅባትማ ታጥቦ ይሄዳል። ይሄ ቃጫው ራሱ ተለውጦ ነው።»

አንድ እስር አመጣችልኝ፣ ገመድኩት። ውሃ ባፈስበት እንደ ጎደሬ ቅጠል አንከባሎ ጣለው። ጎረቤቴ አይቶ «አንተ ሽማግሌ፣ ጃንጥላ መግመድ ጀመርክ እንዴ?» አለኝ። ኮራሁ።

እኛ ሰፈር ገመድ ሳይነከር አይታሰርም። እርጥብ ቃጫ ያብጣል፣ ቋጠሮው ጥርቅም ይላል። ስለዚህ አንድ ዙር ይበቃል፤ ሁለት ዙር የሚያስር ሰው ይሳቅበታል። አዲሱንም እንደ ልማዴ ባልዲ ውስጥ ነከርኩና እርጉዝ ላሜን ከቤቴ በታች ካለው ቦረቦር አፋፍ ላይ፣ ችካል ላይ፣ አንድ ዙር አሰርኳት። ውሃ የማይጠጣ ገመድ እንዴት ብሎ ያብጣል? አላሰብኩም። እጄ ነው ያሰረው።

ቀትር ላይ ዝናቡ ወረደ። ላሟ ደንብራ ሳበች። ስደርስ ችካሉ እንደ ቆመ ነው፤ ገመዱ ተፈትቶ ከእሷ ጋር ቦረቦሩ ውስጥ ገብቷል። እግሯ ተሰብሮ ነበር። ጎረቤቶች አረዷት። የሆዷ ጥጃ ፀጉር አብቅሎ ነበር። ከሥጋዋ አልቀመስኩም።

ልጄ ሰምታ አመሻሹ ላይ መጣች። ገና ሳትቀመጥ «ገመዱ ነው?» አለችኝ።

«ችካሉ ተነቅሎ ነው» አልኳት።

ለምን እንደዋሸሁ እስከ ዛሬ አጥርቼ አላውቅም። ለእሷ አዝኜ ይሁን፣ ሽማግሌው ማሰር አቃተው እንዳልባል ይሁን።

«ተመስገን!» አለችና ደንግጣ አፏን ያዘች። «ስለ ላሟ ማለቴ አይደለም፣ አባባ። ቃጫውን ነገ ገሱባ ሄደን ለገበሬዎች ልናከፋፍለው ነው። ጥፋቱ የገመዱ ቢሆን ኖሮ አስቀረው ነበር።»

 የገሱባ ሰውም ነክሮ፣ አንድ ዙር ነው የሚያስረው። ከብት ያለው ሰው ሁሉ ዓይኔ ላይ መጣ። እሷ በመጨረሻው መኪና ስትመለስ እንኳ እውነቱን አልነገርኳትም።

በማግስቱ በጠዋት ያንኑ ገመድ ይዤ ሶዶ ሄድኩ። ልጄ ከባልደረቦቿ ጋር ቃጫውን መኪና ላይ ስትጭን ደረስኩ። ሰላምታ እንኳ አላቀረብኩም። ገመዱን ውሃ ውስጥ ነከርኩ፣ የመኪናው በር እጀታ ላይ አንድ ዙር አሰርኩት፣ ጫፉን ሰጠኋትና «ሳቢው» አልኳት።