ጀማል የተኛበት ፈተና

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም አልተናገርኩም። ፊቴን ስለማታዩ ለእናንተ እጽፈዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ነው። እኔና ታላቅ ወንድሜ ጀማል በሰው አገር ከምንኖርበት ሰፈር፣ ከፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ወደምንሠራበት ዳቦ ፋብሪካ በአውቶቡስ እንሄዳለን። እኔ ዳቦ አሽጋለሁ፤ እሱ ትልቁን የሊጥ ማቡኪያ ማሽን ያጥባል። ሱፐርቫይዘሩ በስልክ የሚታይ፣ በእንግሊዝኛ የሆነ የሴፍቲ፣ የሥራ ላይ ደህንነት፣ ትምህርት ልኮልናል። መጨረሻው ላይ ፈተና አለው። ዛሬ ያላለፈ ነገ ሺፍት የለውም ብሏል።

ጀማል ስልኩን ጭኔ ላይ ጣለው።

«በል እንጂ ሃይስኩል የጨረስከው፣ እንግሊዝኛህ ለመቼ ነው?»

«ላስረዳህ?»

«እንቅልፌን ልትቀማኝ? አንተው ጨርሰው።»

መስኮቱን ተደግፎ ተኛ። ጥያቄዎቹን እኔ መለስኩለት። አንዱ ጥያቄ ማሽን ውስጥ ከመግባትህ በፊት ምን ታደርጋለህ የሚል ነበር። መልሱን አውቀዋለሁ። ቀዩን ማቆሚያ መጫን ብቻ አይበቃም። ኃይሉን ከግድግዳው ታጠፋለህ፣ በራስህ ጓጉንቸር ትቆልፈዋለህ፣ ቁልፉን ኪስህ ትከታለህ። ትክክለኛውን ነካሁ፤ አለፍኩ።

ስንወርድ ማለፉን ነገርኩት።

«ነቅቼ የማላልፈውን ፈተና ተኝቼ አለፍኩት» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከፌርማታው እስከ ፋብሪካው በር ያቺን አንዲት መልስ መንገር ያቅተኝ ነበር? አያቅተኝም። አልነገርኩትም።

የዚያን ቀን ማለፉ ታይቶ ቀይ ጓጉንቸር ተሰጠው።

ማክሰኞ ከምሳ በፊት ጀማል ቀዩን ማቆሚያ ተጭኖ፣ የደረቀ ሊጥ ሊፍቅ ማሽኑ ውስጥ ገባ። በወዲያኛው በኩል ያለው ሠራተኛ ባዶ መስሎት አስነሳው። ወንድሜ ሞተ።

እኔ ሰውን ሁሉ ጠረጠርኩ። ያስነሳውን ሠራተኛ ሆን ብሎ ነው አልኩ። ሱፐርቫይዘሩን ጠረጠርኩ። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው ሁሉንም ሲመልስ እንዴት አልገረመውም? ለቅሶ ቤት አንዲት ሴትዮ «አብራችሁ አልነበር የምትሄዱት?» አሉኝ። ምን ማለታቸው ነው? ምን ያውቃሉ? ዛሬም ሰው ዝም ብሎ ሲያየኝ ጣቴን የሚያይ ይመስለኛል። ያንን ስልክ የነካሁበትን ጣት። የምጠረጥረው ሰው አልቆ እኔ ቀረሁ።

ረቡዕ ጠዋት ዕቃውን እንድወስድ ተጠራሁ። የልብስ ማስቀመጫ ሎከሩ በር ላይ ቀዩ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ጀማል ለሎከሩ የተሰጠው መስሎት ነበር። ልብሱን ሊቆልፍበት። ሆስፒታል ከኪሱ አውጥተው በሰጡኝ ቁልፍ ከፈትኩት። ጓጉንቸሩን ማንም ሳያይ ጃኬቴ ኪስ ከተትኩት።

አደጋውን የምትመረምር የመንግሥት ኢንስፔክተር ፋብሪካው ቢሮ ውስጥ ትጠብቀኝ ነበር።

«ትምህርቱን የወሰደው ራሱ ነው?»

«ራሱ ነው» አልኩ።

«ጓጉንቸሩ ለምን እንደሆነ ያውቅ ነበር?»

አጠገቧ የተቀመጠው ሱፐርቫይዘር አየኝ። የሚያውቅ መሰለኝ። እንዳልናገር የፈለገም መሰለኝ። ግን ያስዋሸኝ እሱ አይደለም። ያስዋሸኝ እናቴ ትሰማለች የሚል ፍርሃት ነው። ይህን የምለው ይቅር እንድትሉኝ አይደለም።

«ያውቅ ነበር» አልኩ።

እያወቀ አለመቆለፉን ጻፈች። ሙት ወንድሜን ቸልተኛ ያስባልኩት እኔ ነኝ። እሷ ስትጽፍ እጄ ኪሴ ውስጥ ጓጉንቸሩን ጨብጦ ነበር። አላወጣሁትም።