አጥንት ያለው ዳቦ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ጥር ላይ ነው። ዳቦ በቆረስኩ ቁጥር ትዝ እያለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። አንድ የሚከነክነኝ ነገርም ስላለበት ጽፌ ልገላገለው ብዬ ነው።

የምኖረው ለቡ ነው፤ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ሱቅ አለችኝ። አባቴ ወላይታ ሶዶ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ ጡረተኛ መምህር ነው። ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ እኛ ዘንድ እንዲኖር አመጣነው። አካሉ መጣ እንጂ ልቡ እዚያው ሶዶ ቀረ። ልቡን ያስቀረው ደግሞ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ሳንቲሞቹ ናቸው።

አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ የድሮ ገንዘብ ሲሰበስብ ኖሯል። ጠገራ ብር አለው፣ የንጉሡ ዘመን ሳንቲሞች አሉት፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደውም አለው። አንዳንዱን ከተማሪዎቹ ወላጆች ለምኖ ያገኘው ነው፤ አንዳንዱን ደግሞ ከደሞዙ ቀንሶ ገዝቶታል። እናቴ በሕይወት ሳለች "ይሄ ሰውዬ በሚበላ ገንዘብ የማይበላ ገንዘብ ይገዛል" እያለች ታሾፍበት ነበር። ወደ እኛ ሲመጣ ሁሉንም አክስቴ አበበች ቤት ትቶት መጣ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ "ሳንቲሞቼስ?" ይለናል። አንድ ቀን "ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ አንዴ ልያቸው" ሲለኝ አንጀቴን በላው። ሱቄን ዘግቼ ወደ ሶዶ ተነሣሁ።

"አርባ አንድ ናቸው" አለኝ ስሄድ። "ለማንም እንዳትሰጪ፣ አውቶቡስ ጣሪያ ፖርቶ መጋላ ላይ እንዳትጭኚያቸው፣ እርስ በርሳቸውም እንዳይፋጩብኝ።"

አክስቴ አበበች ብልህ ሴት ናት፤ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ታምናለች። የእጅ ቦርሳ ይነጠቃል፣ ሻንጣ በምላጭ ይቀደዳል ብላ ስትጨነቅ ከቆየች በኋላ፣ "ዳቦ የሚሰርቅ ሌባ ግን አይቼ አላውቅም" አለችና ትልቅ ድፎ ደፋች። ሲበርድላት ጓዳ ገባች። ከሥሩ በቢላ እየሰነጠቀች እያንዳንዱን ሳንቲም በጨርቅ ቁራጭ ጠቅልላ ለየብቻ ወሸቀችው። ከላይ ሲያዩት የሠርግ ዳቦ ነው የሚመስለው። ሥሩን በኮባ ሸፍና በነጭ ጨርቅ ቋጠረችልኝ። ሁለታችንም በብልጠታችን ኮራን።

በማግስቱ ጠዋት ዳቦዬን እንደ ሕፃን ታቅፌ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። አጠገቤ አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጇን ይዛ ተቀምጣለች። ከፊቴ መካኒሳ አቦ ሱቅ ያላቸው አንድ ሐጂ ነበሩ፤ ከኋላዬ ደግሞ ካፖርት የለበሰ ዝምተኛ ሰው።

የእኛ አገር ሰው መንገድ ላይ ብቻውን አይበላም። ሐጂ ቆሎ ዘገኑልኝ፤ በላሁ። የልጅቱ እናት ሙዝ ሰጠችኝ፤ በላሁ። ካፖርት የለበሰው ሰው እንኳ የተቀቀለ እንቁላል ልጦ በትከሻዬ በኩል ዘረጋልኝ፤ እሱንም በላሁ። ይህን ሁሉ ስበላ ጭኔ ላይ ስለተቀመጠው ዳቦ አንድም ሰው አልጠየቀኝም።

ሾፌሩ "ምሳ አዲስ አበባ ነው!" ብሎ ቡታጅራን ሳይቆም አለፈ። ከከተማው ትንሽ እንደራቅን ግን የሞተሩ ቺንጋ ተበጠሰ። ሾፌሩ በአላፊ መኪና ተሳፍሮ ቺንጋ ፍለጋ ወደ ቡታጅራ ተመለሰ። እኛ አንድ ግራር ሥር ተቀመጥን። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለተኛውም ተጨመረ። ቆሎው አለቀ፣ ሙዙም አለቀ። ትንሿ ልጅ "እራበኝ" እያለች ማልቀስ ጀመረች።

ያን ጊዜ የሰው ዓይን አንድ በአንድ ወደ ጭኔ ዞረ።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ይቺን ዳቦ ባርከን ብንቆርሳት ምን ይመስልሻል?"

"አደራ ነው፣ ሐጂ። ለአባቴ የተላከ ነው።"

"ተባረኪ። አባትሽ ግን ሕፃን ርቧት ዳቦው ሙሉውን ቢመጣላቸው ደስ ይላቸዋል?"

አክስቴ ዶሮ ወጥ ውስጥ ብትደብቃቸው ኖሮ እስላሙም ጿሚውም ይተወኝ ነበር። ዳቦ ግን ማንንም አያስቀርም። ሌባ እንዳይወስደው ተጠንቅቀን፣ ደግ ሰው እንደሚጠይቀን ማሰብ ረስተናል! እውነቱን እንዳልናገር ሠላሳ የማላውቀው ሰው በሜዳ ላይ ከቦኛል። እንዳልከለክል ደግሞ የሁሉንም ስንቅ በልቻለሁ።

ሳንቲሞቹ መሀል መሀሉን ይሆናሉ ብዬ ተስፋ አደረግኩና ከጠርዙ ቀጭን ቁራሽ ቆርጬ ለልጅቱ ሰጠኋት። አንዴ ገመጠች። ማኘኳን አቆመችና ወደ እናቷ ዞረች።

"እማዬ፣ ዳቦው አጥንት አለው!"

እናትየው ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ጨርቁን ስትፈታው ሳንቲም ሆነ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። እያለቀስኩም የአባቴን ዓይን፣ የአክስቴን ብልጠት፣ የአርባ አንዱንም ሳንቲም ነገር ሁሉ ዘረገፍኩት።

መጀመሪያ የሳቁት ሐጂ ናቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቀጥሎ እናትየው፣ ቀጥሎ ሁሉም ሳቀ። ሐጂ ሳቃቸውን ሲጨርሱ ፎጣቸውን መሬት ላይ አነጠፉ።

"ስሙኝ! ዳቦውን እንበላለን፣ አጥንቱን ለባለቤቱ እንመልሳለን። ሁሉም ድርሻውን እዚህ ፎጣ ላይ ይቁረስ!"

እንደዚያ ያለ ምሳ በሕይወቴ በልቼ አላውቅም። ሰው እየቆረሰ ይፈልጋል፣ ባገኘ ቁጥር "አገኘሁ!" ይላል፣ ሌላው ያጨበጭባል። ሦስት ቁራሽ በልቶ ምንም ያላገኘ አንድ ጎልማሳ "እኔማ ዕድል የለኝም" ብሎ ተቆጣ። ዳቦው ሲያልቅ ቆጠርን። አርባ ሆነ።

ደግመን ቆጠርን። አሁንም አርባ ነው። ፍርፋሪውን በጣታችን አበጠርን፣ ሣሩን ፈተሽን፤ የለም።

ካፖርት የለበሰው ሰው ብድግ ብሎ ኪሶቹን ገለበጠ። "ሁለት ቁራሽ ወስጄ አንድ ሳንቲም መልሻለሁ። ፈትሹኝ" አለ። ሁሉም "ኧረ በስመአብ! ኧረ ተው!" አሉት። እኔም "ግድ የለም" አልኩ በአፌ። በልቤ ግን "ቀድሞ የሚምል ከሌባ ሌላ ማን ነው?" እያልኩ ነበር።

ቺንጋው መጥቶ ጉዞ ከጀመርን በኋላ ዓይኔ ከእሱ አልተነቀለም። አለም ገና ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ ማንንም ሳይሰናበት ወረደ። "ይኸው!" አልኩ ለራሴ። ሐጂ ከእኔ ጋር ሀይሌ ጋርመንት ወርደው የለቡ ታክሲ ካስያዙኝ በኋላ ነው ወደ መካኒሳ የሄዱት። እኔ ግን ደግነታቸውን በደንብ እንኳ አላመሰገንኩም፤ ሐሳቤ ሁሉ ካፖርቱ ላይ ነበር።

አባቴ ሳንቲሞቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ በጣቱ ዳበሳቸው። "ጠርዟ የተበላችው ጠገራ የለችም" አለ። ተቀምጬ ስለዚያ ሰው ያልተናገርኩት ክፉ ነገር የለም። አባቴ አክስቴን ሊያመሰግን ስልክ ደወለ።

"ደረሱልህ?" አለች አክስቴ እየጮኸች። "አንዷ ጠገራ ግን እኔ ጋ ናት! ዳቦው ሊሰነጠቅብኝ ሲል አልወሽቃትም ብዬ ሳጥኔ ውስጥ አስቀመጥኳት። ለልጅቷ ሳልነግራት በችኮላ ተሸኘች።"

አባቴ ሳቀ። እኔ ግን የምገባበት ጠፋኝ። ያ ሰው እንቁላሉን ልጦ አብልቶኛል፣ ያገኛትን ሳንቲም መልሷል፣ በሰው ፊት ኪሱን ገልብጧል። እኔ ደግሞ ከቡታጅራ እስከ ለቡ ሌባ ሳደርገው መጣሁ። አንገቱን ደፍቶ የወረደውም ዓይኔን አይቶ መሆን አለበት።

ጠገራዋን በፋሲካ ሄጄ አመጣኋት፤ በዚህ ጊዜ በመቀነቴ ቋጥሬ። አሁን አባቴ ጠዋት ጠዋት አርባ አንዱንም ደርድሮ ይዳብሳል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም የዳቦውን ታሪክ ጨማምሮ ይተርካል። ሁላችንም እንስቃለን።

ካፖርት የለበሱት ወንድሜ፣ ምናልባት ይህን ካነበቡ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ምንም አልወሰዱም፤ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ስምዎን በልቤ አጉድፌ።