በጥር ጀልባ የሚቀዝፈው ገዳይ

የአሜሪካዋን ከተማ ሚኒያፖሊስን ሳላያት ስለ እሷ መጽሐፍ ጽፌያለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የጋዜጣ ዘጋቢ ነኝ፤ ከሥራ ስወጣ ደግሞ የወንጀል ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ዋና አዘጋጃችን ጋሽ መኮንን ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «ጠዋት እውነት፣ ማታ ውሸት የሚጽፍን ሰው ማን ያምነዋል? ለሥልጠና አሜሪካ ስትሄድ አስብበት። ስትመለስ አንዱን ትመርጣለህ» አሉኝ።

በ1988 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ቺካጎ ላይ ሥልጠናዬን ስጨርስ ሦስት ቀን ተረፈኝ። የአባቴ የአስመራ ጓደኛ ጋሽ ሰይድ ከሚኒያፖሊስ አጠገብ ባለችው በሴንት ፖል፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራሉ። በደብዳቤያቸው፣ «እዚህ ቀን ለጋዜጣ፣ ጠዋት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የነፍሰ ገዳይ መጽሐፍ የሚጽፍ ፈረንጅ አለ። ካንተ ጋር አንድ በሽታ ነው የያዛችሁ» ብለውኝ ነበር። እሱን ሳላይማ አልመለስም ብዬ የአውቶቡስ ቲኬት ቆረጥኩ።

ቀኑን ሙሉ በመንገድ

ዊስኮንሲንን ስናቋርጥ የሚታየው በረዶ የለበሰ ማሳ፣ ቀይ ጎተራ፣ ከዚያ እንደገና ማሳ ነው። ለምሳ የቆምንበት ነዳጅ ማደያ ቋሊማ በዳቦ በሁለት ዶላር በላሁ። ከበሩ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ያለችውን ሃያ እርምጃ ስሄድ የአፍንጫዬ ውስጥ ደረቀ። እኔ ግን ሠርግ እንደሚሄድ ሰው ነበርኩ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ ረቂቄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መስኮቱን በመዳፌ እየጠረግሁ አያለሁ።

ጋሽ ሰይድ ትርፍ ካፖርት ይዘው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ በዚህች ጃኬት ነው የመጣኸው? ዌዘሩን ቼክ አላደረግክም?»

«ብርድ እንዳለ ሰምቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ሰምተሃል!» ብለው ሳቁና ወደ ቤታቸው፣ ወደ አፕል ቫሊ ወሰዱኝ።

ጠዋት፣ ሴንት ፖል

የጋሽ ሰይድ ሺፍት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጀምራል። የመኪና ማቆሚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሞተሯ እየሠራ የቆመች አሮጌ ሰማያዊ መኪና አሳዩኝ። መስታወቱን አንኳኩ። ውስጥ ያለው ሰው ዴል ይባላል፤ ሪዙ የሸበተ፣ ጣቶቹ የተቆረጡ ጓንት ያደረገ፣ ላፕቶፑን መሪው ላይ ያስደገፈ።

ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጥያቄዬ ብዙ ነበር፤ እሱም ወሬ አልሰሰተም። አዮዋ ውስጥ የገበሬ ልጅ ሆኖ ነው ያደገው። በትንሽ ሳምንታዊ ጋዜጣ የበቆሎ ዋጋና የሞቱ ሰዎችን ታሪክ ሲጽፍ ቆየ። ከዚያ እዚህ መጥቶ ሃያ ዓመት ፍርድ ቤትና ፖሊስ ጣቢያ ተመላለሰ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ልብ ወለዶቹን ማንም አልፈለጋቸውም። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ታተሙለት፤ ሁሉም የተጻፉት ቢሮ ከመግባቱ በፊት እዚህችው መኪና ውስጥ ነው። ልጆቹ ሕፃናት ሳሉ ጸጥታ የሚያገኘው እዚህ ብቻ ስለነበር ለምዶት ቀረ።

«ያንተስ መጽሐፍ?» አለኝ።

ረቂቄን ከፍቼ ነገርኩት። ታሪኩ አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ድልድይ ላይ ይጀምራል። ገዳዩ ሟቹን እስከ ሚኒያፖሊስ ይከተለዋል፤ በመጨረሻም ሬሳውን በጀልባ ወስዶ ሐይቅ መሐል ይጥለዋል፤ መርማሪውም ማስረጃ ያጣል።

«በየትኛው ወር?»

«በጥር።»

ዴል ላፕቶፑን ዘጋ። ጋሽ ሰይድ በመስኮቱ በኩል ሳቃቸውን ለቀቁት።

«ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም» አለ ዴል። «ሐይቁን አሳይሃለሁ።»

ሌክ ስትሪት እስከ ጫፉ

ሚኒያፖሊስ ገብተን ሌክ ስትሪት የሚባለውን ጎዳና ይዘን ወደ ምዕራብ ነዳን። ጎማ ቤቶችን፣ የአሮጌ ዕቃ መደብሮችን፣ የሜክሲኮ ዳቦ ቤቱን አልፈን ሐይቁ ዳር ቆምን። ሐይቅ የሚባል ነገር አላየሁም። ውሃው በብርድ ጠጥሮ የነጣ ሜዳ ሆኗል። ሜዳው ላይ አንድ ሽማግሌ ወንበር ዘርግቶ በረዶውን በበሳበት ቀዳዳ ዓሣ ያጠምዳል፤ አንዲት ሴት ውሻዋን ታናፍሳለች።

«ሬሳውን እስከጣልክበት ድረስ ሂድ» አለኝ ዴል።

ጋሽ ሰይድ ሐይቅ ሐይቅ እያሉ ዓመታት ሲጽፉልኝ ሁሉንም ደብዳቤ የአገሩ አየር በሚሞቅባቸው ወራት እንደሚጽፉት ያን ጊዜ ገባኝ። ቀስ እያልኩ መሐል ደረስኩ። ከሥሬ በረዶው ጓ ሲል ጮህኩ። ሽማግሌው ቀና ብሎ ሰላምታ ሰጠኝና ወደ ቀዳዳው ተመለሰ። አፈርኩ። የሁለት ዓመት ሥራዬ አንዲት ጀልባ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ጀልባዋም የለችም። ዘወር ስል ግን የመጣሁበትን መንገድ አየሁ።

«ዴል! መቅዘፍ ካልቻለ በእግሩ ይሄዳላ! ከሄደ ደግሞ—»

«ዱካ!» ብሎ ከዳር ጮኸና ወደ እኔ ሮጠ።

ሁለት ትልልቅ ሰዎች በረዶ ላይ ተቃቅፈን ዘለልን። መርማሪዬ ያጣው ማስረጃ እግሬ ሥር ነበር!

ስንመለስ የጋሽ መኮንንን ነገር አወራሁት። እሱንም አለቆቹ ሦስት ጊዜ ምረጥ ብለውታል። ከኪሱ ሁለት ደብተር አወጣ፤ ጥቁሩ የጋዜጣው፣ ቀዩ የልብ ወለዱ ነው።

«ከጥቁሩ ወደ ቀዩ የሰው ሐዘን አይሻገርም» አለ። «የሚሻገረው መንገዱ፣ አየሩ፣ የበሩ ቁልፍ ነው። ሄጄ ያላየሁትን ደግሞ ሁለቱም ላይ አልጽፍም።»

አዲስ አበባ

በተመለስኩ በሦስተኛው ሳምንት የታረመውን ረቂቅ ጋሽ መኮንን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩና፣ «መምረጥ አልቻልኩም፤ አንብበው ይፍረዱ» አልኳቸው። ረቂቁ አራት ቀን ሙሉ እሳቸው ዘንድ ቆየ። እኔም እንጀራዬ እንዳበቃ ቆጥሬ መሳቢያዬን ማጽዳት ጀመርኩ። የጉዞዬን ትምህርት ግን ማንም አይወስድብኝም፤ ልብ ወለዴን ያበላሸው ውሸቱ ሳይሆን ሄጄ አለማየቴ ነበር።

በአምስተኛው ቀን አስጠሩኝ። ረቂቁ ፊታቸው ተዘርግቷል፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ መስመር በቀይ ተሰምሮበታል።

«ይህ ሰውዬህ ድልድዩን በግራ በኩል ተደግፎ ያጨሳል። የግራው መደገፊያ ተሰብሮ የለም እንዴ? ምኑን ተደግፎ ነው?»

በየቀኑ የማልፍበት ድልድይ ነው። መደገፊያውን ግን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም።

«ሂድና እይ» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ደግሞ እዚያው ሳለህ እስካሁን ለምን እንዳልተጠገነ ጠይቅ። ዜናውን ለዓርብ እፈልገዋለሁ።»

እንደ ዴል ለዜናና ለልብ ወለድ የለየኋቸውን ሁለቱንም ደብተሮቼን ይዤ ወጣሁ።